በመኪና ቤት ለሚኖሩ ሰዎች የስልክ ኔትወርክ ማጉያ አመራረጥ

በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ቤታቸውን ሸጠው ወይም የኪራይ ቤታቸውን ለቀው፥ ከዓመት እስከ ዓመት በመኪና ቤት ውስጥ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ። የመኪና ቤት ስንል አሜሪካኖች አርቪ የሚሉትን፥ አልጋ፥ ማድ ቤትና መታጠቢያ ያለውን፥ በራሱ ሞተር የሚሄድ ወይም በሌላ መኪና የሚጎተት ቤት ማለታችን ነው። ከነዚህ ነዋሪዎች አንዳንዶቹ ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሌሎቹ ግን ገና በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ፥ እንጀራቸውን በኢንተርኔት የሚያገኙ፥ ልጆቻቸውንም በጉዞ ላይ የሚያስተምሩ ናቸው። ለነዚህ ሰዎች ቋሚ አድራሻቸው ስልካቸው ነው። ስልኩ ካልሠራ የዕለቱ ሥራ ይቋረጣል፤ ድንገት ለታመመም ሰው ሐኪም ለመጥራት አይቻልም።

ስለዚህ ቡስተር የሚባለው የኔትወርክ ማጉያ ከሚገዙት ዕቃዎች ዋነኛው ሆኗል። ዋጋው ብዙ መቶ ዶላር ነው። ነገር ግን ከገዙት መካከል የጠበቁትን ሳያገኙ የሚቀሩ ጥቂቶች አይደሉም፤ የዚህም ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የመሣሪያው መበላሸት ሳይሆን፥ ገዢው መሣሪያው ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ አስቀድሞ አለማወቁ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የማጉያውን አሠራር፥ ተፈጥሮና ሕግ የወሰኑለትን ልክ፥ እንዲሁም ለመምረጥ የሚያስፈልገውን ቅደም ተከተል ባጭሩ ማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩ የመሣሪያው አሠራር

ማጉያው ሦስት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ከጣሪያ በላይ የሚተከለው የውጭ አንቴና ነው፤ ሁለተኛው ማጉያው ራሱ ነው፤ ሦስተኛው በቤቱ ውስጥ የሚቀመጠው የውስጥ አንቴና ነው። የውጭው አንቴና ከስልክ ማማው የመጣውን ደካማ ሞገድ ይቀበላል፤ ማጉያው ያጎላዋል፤ የውስጡ አንቴና ለስልኩ ያደርሰዋል። ስልኩም መልስ ሲልክ ነገሩ በተቃራኒው መንገድ ይፈጸማል።

ይህ የመልስ ጉዞ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ሆኖም ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ያለው በዚሁ ላይ ነው። ማማው ኃይለኛ ማሠራጫ ሲኖረው፥ ስልኩ ግን ከአንድ ዋት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው የሚያወጣው። በዚህ ምክንያት ስልኩ ማማውን እየሰማ ማማው ስልኩን የማይሰማበት ጊዜ አለ፤ ሰውየውም ምልክቱን እያየ መደወል ያቅተዋል። ማጉያው ወደ ማማው የሚልከውን ኃይል በሕግ እስከ 1 ዋት ድረስ ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል፥ ከሩቅ ቦታ ለሚደውል ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

የሞገዱ ኃይል የሚለካው በዴሲቤል ነው። ይህንንም ለመረዳት ሁለት ነገር ማስታወስ ይበቃል፤ 3 ዴሲቤል ሲጨመር ኃይሉ በግምት እጥፍ ይሆናል፥ 10 ዴሲቤል ሲጨመር ደግሞ ዐሥር እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የ50 ዴሲቤል ማጉያ ኃይሉን መቶ ሺህ ጊዜ ያበዛዋል ማለት ነው። ስልኩ የሚቀበለው ሞገድ እጅግ ጥቂት በመሆኑ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይጻፋል። ከዜሮ በታች 90 የሚባለው ከአንድ ሚሊዋት አንድ ቢሊዮንኛ ነው፤ ከዜሮ በታች 120 ደግሞ ከዚያም አንድ ሺህ ጊዜ ያነሰ ነው፤ በዚህ ልክ ላይ የአሁኑ ስልክ ሊቋረጥ ይቃረባል።

በስልኩ መስኮት ላይ የሚታዩት መስመሮች ግን እንደ መለኪያ ሊቆጠሩ አይገባም። ስንት መስመር መታየት እንዳለበት የሚወስነው የስልኩ ሠሪ ነውና፥ የአንዱ ስልክ ሦስት መስመር ከሌላው ስልክ ሦስት መስመር ጋር እኩል ላይሆን ይችላል። ስለዚህ መራጩ በስልኩ ውስጥ ተሰውሮ የሚገኘውን ቁጥር ፈልጎ ማንበብን መልመድ አለበት።

፪ ማጉያው ሊሠራ የማይችለው

ከዚህ ጽሑፍ አንባቢው አንድ ነገር ብቻ ቢይዝ ይህንን ይያዝ፤ ማጉያ ያለውን ያጎላል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። ነገሩን በሦስት ምሳሌዎች እንመልከተው።

የመጀመሪያው ሞገድ ጨርሶ የሌለበት ቦታ ነው። በዌስት ቨርጂኒያ ግሪን ባንክ በሚባል ስፍራ ስፋቱ 100 ሜትር የሆነ ታላቅ የራዲዮ ቴሌስኮፕ አለ። ከሰማይ የሚመጣውን ደካማ ሞገድ የሰው ሠራሽ ሞገድ እንዳያውከው ሲባል፥ በ1958 በአካባቢው 34,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ብሔራዊ የራዲዮ ጸጥታ ክልል ተከለለ። በቴሌስኮፑ አጠገብ የሚያልፍ መንገደኛ የስልክ ማማ አያገኝም፤ ማጉያውም የሚያጎላው ነገር የለውም። ዜሮ በመቶ ሺህ ቢባዛ ያው ዜሮ ነው። በምዕራቡ ክፍል ባሉት በረሃዎችና በተራሮች መካከል ባሉት ሸለቆዎችም ይህን የመሰለ ብዙ ቦታ አለ።

ሁለተኛው ሞገዱ ሞልቶ ሳለ ተጠቃሚው የበዛበት ቦታ ነው። በአሪዞና ምዕራብ የምትገኘው ክዋርትዝሳይት በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ቋሚ ነዋሪዎቿ 2,500 እንኳ ያልሞሉ ትንሽ ከተማ ናት። በክረምት ግን ብርድ የሸሹ ብዙ ሺህ የመኪና ቤቶች በዙሪያዋ ባለው የመንግሥት መሬት ላይ ይሰፍራሉ፤ ላ ፖሳ በተባለው ሜዳ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ ለመሰንበት ይፈቀዳል። በዚያን ጊዜ የማማው ሞገድ ጠንካራ ሆኖ ሳለ ኢንተርኔቱ ሊያዘግም ይችላል፤ ምክንያቱም አንዱን ማማ የሚካፈሉት ብዙዎች ናቸውና። ውኃ ለመቅዳት በተሰለፈ ሕዝብ መካከል ትልቅ እንስራ ይዞ መምጣት ወረፋውን እንደማያሳጥር ሁሉ፥ ማጉያም የማማውን መጨናነቅ አያቃልልም። እንዲህ ባለው ቦታ የሚረዳው የሌላ ኩባንያ መስመር መያዝ ነው።

ሦስተኛው ረብሻ የተቀላቀለበት ሞገድ ነው። ማጉያው መልካሙን ሞገድና ረብሻውን ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱንም አብሮ ያጎላል፥ የራሱንም ጥቂት ረብሻ ይጨምራል። የሞገዱና የረብሻው መጠነ ንጽጽር የሚሻሻለው በማጉላት ሳይሆን፥ አንቴናው ከፍ ባለና በተሻለ ቦታ በመቆሙ ነው። ብዙ ሰው ማጉያው አደረገልኝ የሚለውን በውነቱ ያደረገለት ከጣሪያ በላይ የወጣው አንቴና ነው።

፫ ሕግ የወሰነው ልክ

ቀድሞ በገበያ ላይ የነበሩ አንዳንድ ማጉያዎች ማማዎችን እያወኩ የሌላውን ሰው ስልክ ያቋርጡ ነበር። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በፌብሩዋሪ 2013 ደንብ አወጣ፤ ከማርች 1 ቀን 2014 ጀምሮም ከደንቡ ጋር የማይስማማ ማጉያ እንዳይሸጥ ተከለከለ። ደንቡን ማወቅ ለመራጩ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ማስታወቂያው ምንም ቢል ከደንቡ በላይ የሚሄድ መሣሪያ የለምና።

ደንቡ ማጉያዎችን በሁለት ይከፍላል። አንደኛው ክፍል የሁሉንም ኩባንያዎች ሞገድ በአንድነት የሚያጎላው ነው። ከዚህ ክፍል በተሽከርካሪ ላይ እየሄደ የሚሠራው፥ የውስጥ አንቴና ያለው ከሆነ ከ50 ዴሲቤል፥ ስልኩ የሚሰካበት ማቀፊያ ዐይነት ከሆነ ደግሞ ከ23 ዴሲቤል ሊበልጥ አይችልም። በአንድ ቦታ ተተክሎ የሚሠራው ግን እንደ ሞገዱ መደብ ከ64 እስከ 72 ዴሲቤል ገደማ ይፈቀድለታል። ሁለተኛው ክፍል የአንድን ኩባንያ ሞገድ ብቻ ለይቶ፥ ኩባንያው ተስማምቶበት የሚያጎላው ነው፤ ይህም ራሱን በራሱ የሚቆጣጠር ስለ ሆነ ቆሞ ሲሠራ እስከ 100 ዴሲቤል ድረስ ሊደርስ ይችላል። ዊቡስትና ሹርኮል የሚባሉት በተለይ በመጀመሪያው ክፍል፥ ሴልፋይ የሚባለው በሁለተኛው ክፍል የታወቁ ናቸው። ልብ ማለት የሚገባው፥ ሁለተኛው ዐይነት በአንድ ጊዜ የሚያገለግለው አንድ ኩባንያን ብቻ መሆኑን ነው፤ ባልና ሚስት የተለያየ ኩባንያ ቢይዙ ከሁለቱ አንዱ አይጠቀምም።

ደንቡ ለመጀመሪያው ክፍል የፈቀዳቸው የሞገድ መደቦች አምስት ናቸው፤ እነሱም ሁለቱ የ700 ሜጋኸርዝ መደቦች፥ የ850፥ የ1900፥ እንዲሁም የ1700 ከ2100 ጋር የተጣመረው ናቸው። ቲ-ሞባይል ከ2017 ጀምሮ በገጠር የዘረጋው የ600 ሜጋኸርዝ መደብ፥ ፈጣኑ የ2500 ሜጋኸርዝ መደብ፥ ደግሞም ቬራይዘንና ኤቲ ኤንድ ቲ በ2022 ለአምስተኛው ትውልድ የከፈቱት የ3700 ሜጋኸርዝ መደብ በነዚህ አምስት ውስጥ አይገኙም። ስለዚህ ስልኩ በ600 ብቻ በሚያገኝበት ገጠር የተቀመጠ ሰው ማጉያውን ቢከፍትም ባይከፍትም ለውጥ አያይም። እንዲሁም ሦስተኛው ትውልድ የስልክ አገልግሎት በ2022 ስለ ተዘጋ፥ ለዚያ ዘመን የተሠሩት ባለ ሁለት መደብ አሮጌ ማጉያዎች 700ንና 1700ን ስለማያውቁ፥ በርካሽ ቢገኙም የሚመከሩ አይደሉም።

ባለቤቱ ማጉያውን በስልክ ኩባንያው ዘንድ ማስመዝገብ አለበት፤ ኩባንያው ወይም ኮሚሽኑ አጥፋ ባለውም ጊዜ ወዲያውኑ ማጥፋት ግዴታው ነው። አንቴናዎቹም ከሰው ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለባቸው። ከአገር ሲወጣም ሌላ ጥንቃቄ ያሻል። ወደ ካናዳ ለሚሻገር ሰው የዚያው አገር ማረጋገጫ ያለው መሣሪያ ያስፈልገዋል። የአሜሪካውን ማጉያ ወደ አገራችን ማምጣት ደግሞ ከንቱ ብቻ ሳይሆን ጎጂም ሊሆን ይችላል፤ የሞገዶቹ አመዳደብ የተለያየ ስለ ሆነ፥ በአሜሪካ ማማው ለስልኩ የሚናገርበት የ1930 እስከ 1980 ሜጋኸርዝ ክፍል በእኛ ዘንድ ስልኩ ለማማው የሚናገርበት ነው። አቅጣጫው የተገለበጠ ማጉያ ሊረዳ ቀርቶ ያውካል።

፬ እየሄደ የሚሠራ ወይስ ቆሞ የሚሠራ

በመኪና ቤት የሚኖር ሰው ሁለት ዐይነት ኑሮ አለው፤ አንዱ በመንገድ ላይ፥ ሁለተኛው በሰፈረበት ቦታ። ለመንገድ የሚሆነው የ50 ዴሲቤሉ ነው። ለሰፈር የሚሆነውና በኃይሉ የሚበልጠው ግን መኪናው ሲንቀሳቀስ እንዲሠራ አልተፈቀደም፤ የውጭ አንቴናውም መኪናው ከቆመ በኋላ በረዥም ምሰሶ ላይ ይሰቀላል። ለምሳሌ ከዊቡስት መሣሪያዎች ድራይቭ ሪች አርቪ የተባለው የመጀመሪያው፥ ዴስቲኔሽን አርቪ የተባለው የሁለተኛው ዐይነት ነው።

እዚህ ላይ ቁጥሩ ትልቅ የሆነውን መግዛት ይሻላል የሚል ሐሳብ ሊመጣ ይችላል። ዳሩ ግን በአዳራሽ ውስጥ ማይክሮፎኑ ከድምፅ ማጉያው ፊት ሲቆም የሚያፏጭበትን ምክንያት ያስተዋለ ሰው ችግሩን ይረዳዋል። የውስጡ አንቴና ያወጣውን ሞገድ የውጭው አንቴና መልሶ ከሰማው፥ ማጉያው የራሱን ድምፅ እየደጋገመ ያጎላል። ደንቡ ይህን ስለሚከለክል መሣሪያው ራሱን ዝቅ ያደርጋል ወይም ያጠፋል። በሁለቱ አንቴናዎች መካከል ያለው መጋረድ 40 ዴሲቤል ብቻ ቢሆን፥ 50 ወይም 65 የተጻፈበት ማጉያ ሁሉ ከ40 በታች ለመሥራት ይገደዳል። ትርፉ ገንዘብ በከንቱ ፈሰሰ ማለት ነው።

በትልቅ ሕንፃ ሁለቱን አንቴናዎች ማራራቅ ቀላል ነው፤ ርዝመቱ ከ8 ወይም ከ10 ሜትር በማይበልጥ የመኪና ቤት ግን አስቸጋሪ ነው። ጣሪያው ከብረት ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራ ከሆነ እንደ መጋረጃ ሆኖ ይረዳል፤ ያው ብረት ግን ያለ ማጉያ የሚመጣውን ሞገድ ስለሚያግድ፥ እንዲህ ባለው ቤት የማጉያው ጥቅም ይጎላል። ጣሪያው ከፋይበርግላስ ወይም ከእንጨት ከሆነ መጋረዱ ያንሳልና፥ የውጭውን አንቴና በምሰሶ ከፍ ማድረግና የውስጡን ከእርሱ ማራቅ የግድ ነው። ያም ሆኖ የውጭው ሞገድ ደካማ በሆነ ቦታ፥ ስልኩ ከውስጡ አንቴና ክንድ ያህል ርቀት ውስጥ ካልተቀመጠ አይጠቀምም። ቤቱን በሙሉ ኔትወርክ ይሞላል ብሎ የገዛ ሰው የሚያዝነው በዚህ ጊዜ ነው።

፭ አንቴና፥ ገመድና ባትሪ

ከሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚቀበል አንቴና ለሚሄድ መኪና ተገቢ ነው፤ ማማው አንድ ጊዜ በግራ አንድ ጊዜ በቀኝ ይሆናልና። ቆሞ ለሚሠራ ግን ወደ ማማው የሚያነጣጥረው አንቴና ይመረጣል፤ ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣውን ረብሻም ይቀንሳል። ለማነጣጠር ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ አንቴናውን ጥቂት ጥቂት እያዞሩ፥ በየጊዜው ቁጥሩን እያነበቡ መፈለግ ነው።

ገመዱም ችላ ሊባል አይገባውም። በ1900 ሜጋኸርዝ፥ አር.ጂ. 58 የተባለው ቀጭን ገመድ በ10 ሜትር ውስጥ 7 ዴሲቤል ያህል፥ ማለት ከኃይሉ አራት አምስተኛውን ያባክናል። ኤል.ኤም.አር. 400 የተባለው ወፍራም ገመድ ግን በዚያው ርዝመት 2 ዴሲቤል ያህል ብቻ ያጠፋል። በመሣሪያው ላይ ሌላ አንቴናና ሌላ ገመድ መቀጠል የሚቻለው ግን ሠሪው የፈቀደውን ብቻ ነው።

ከመብራት መስመር ርቆ በበረሃ ለሚሰፍር ሰው የባትሪም ነገር አለ። ማጉያው 10 ዋት ይፈጃል ብንል፥ ሌሊትና ቀን ሲሠራ 240 ዋት ሰዓት ይወስዳል፤ ይህም በ12 ቮልት 20 አምፔር ሰዓት፥ ማለት ከመቶ አምፔር ሰዓት ባትሪ አንድ አምስተኛው ነው። በማይፈለግበት ሰዓት ማጥፋት ይገባል።

፮ ለንግግር ወይስ ለኢንተርኔት

የዛሬ ስልኮችና የኢንተርኔት መቀበያዎች ሁለት ወይም አራት አንቴና ይዘው፥ በየአንዳንዱ የተለየ መልእክት በአንድ ጊዜ ይቀበላሉ፤ ይህ ማይሞ የሚባለው ዘዴ ነው። የተለመደው ማጉያ ግን መንገዱ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሞገዱ መጠነኛ በሆነበት ቦታ ማጉያ ሲከፈት መስመሮቹ ጨምረው ፍጥነቱ ሊቀንስ ይችላል፤ ሁለት በር የነበረው ቤት በአንድ በር ብቻ እንዲገባ ይደረጋልና። ሞገዱ እጅግ ደካማ በሆነበት ቦታ ግን ሁለቱም በሮች ተዘግተው ስለ ነበር፥ አንዱን መክፈት ትልቅ ትርፍ ነው።

ከዚህም የሚከተለው ፍርድ ይህ ነው። ዋና ፍላጎቱ መደወልና መልእክት መላክ የሆነ፥ ከሩቅ ማማም ጋር የሚታገል ሰው ማጉያ ይጠቅመዋል። ዋና ፍላጎቱ ፈጣን ኢንተርኔት የሆነ ሰው ግን፥ አስቀድሞ የአንቴና መሰኪያ ያለው የኢንተርኔት መቀበያ ገዝቶ፥ ባለ ሁለት ወይም ባለ አራት መንገድ አንቴና ከጣሪያው ላይ በቀጥታ ቢያያዝለት ይሻላል። ከ2022 ወዲህ ለመኪና ቤቶች የቀረበው የስታርሊንክ የሳተላይት አገልግሎትም ማማ በሌለበት ቦታ ይሠራል፤ ነገር ግን ሰማዩ በዛፍ ያልተከለለ መሆን አለበት፥ ኃይልም ከማጉያው አብልጦ ይፈጃል።

፯ የአመራረጡ ቅደም ተከተል

አንድ ባልና ሚስት በፋይበርግላስ የመኪና ቤት ይኖራሉ እንበል። ሚስቲቱ ለሩቅ ድርጅት የሒሳብ መዝገብ በኢንተርኔት ትይዛለች፤ ባልዮው የልብ ሕመም አለበት። መጀመሪያ ማድረግ የሚገባቸው ዕቃ መግዛት ሳይሆን መለካት ነው። በሚሰፍሩበት ቦታ ሁሉ ቁጥሩን በቤት ውስጥ፥ በደጅ፥ ቀጥሎም ከጣሪያው ከፍታ ላይ ይመዝግቡ። በውስጥ ከዜሮ በታች 118፥ በጣሪያው ላይ ግን 105 ካገኙ፥ ችግሩ የቤቱ ግድግዳና የቦታው ዝቅታ ነው፤ የውጭ አንቴና ይፈታዋል። በጣሪያውም ላይ ምንም ካልተገኘ ማጉያ አይፈይድም። ቁጥሩ መልካም ሆኖ ኢንተርኔቱ ካዘገመ ነገሩ መጨናነቅ ነው።

ሁለተኛ፥ ስልካቸው በየትኛው የሞገድ መደብ ላይ እንደሚሠራ ይመርምሩ፤ ማጉያው ከማያውቀው መደብ ላይ ከሆነ ገንዘባቸውን ያድኑ። ሦስተኛ፥ የሌላ ኩባንያ ሁለተኛ መስመር ይያዙ፤ አንዱ ማማ በሌለበት የሌላው ሊኖር ይችላልና። አራተኛ፥ ለሚስቲቱ ሥራ የጣሪያ አንቴና ያለውን መቀበያ ያስቀድሙ። አምስተኛ፥ ለመንገድና ለባልየው ደኅንነት የ50 ዴሲቤሉን ተንቀሳቃሽ ማጉያ ይጨምሩ። ከፍተኛ ኃይል ያለው ባለ ምሰሶው የሚያስፈልገው ለሳምንታት በአንድ ሩቅ ቦታ የሚሰነብቱ ከሆነ ብቻ ነው።

ስለ ድንገተኛ ጥሪ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ደንቡ በየማጉያው ላይ እንዲጻፍ ያዘዘው ማስጠንቀቂያ፥ በመሣሪያው በኩል ወደ 911 ሲደወል የደዋዩ ስፍራ ላይታወቅ ወይም ተሳስቶ ሊታወቅ እንደሚችል ይናገራል። ስለዚህ በሰፈሩበት ቦታ ሁሉ የመንገዱን ቁጥር፥ የማይሉን ምልክትና የሰፈሩን ስም በወረቀት ጽፎ በበሩ አጠገብ መለጠፍ ብልኅነት ነው። ይህ ዋጋ የማይጠይቅ ነገር ከማጉያው ይልቅ ነፍስ የሚያድንበት ጊዜ ሊኖር ይችላል።

ነገሩ ለመኪና ቤት ነዋሪዎች ብቻ የተወሰነ አይደለም። በአሜሪካ ከሚኖሩት የአገራችን ሰዎች መካከል በረዥም ርቀት የጭነት መኪና ሥራ የተሠማሩ ብዙዎች አሉ፤ ሌሊታቸውንም በመኪናው ክፍል ውስጥ ያሳልፋሉ። ለነሱም ቢሆን ምክሩ ያው ነው፤ መጀመሪያ መለካት፥ ቀጥሎ አንቴናውን ከፍ ማድረግ፥ ማጉያ መግዛት ከዚያ በኋላ ነው።